ምንም ያልተነበበበት እሑድ

ያን ዕለት ዝናቡ ከባሕሩ ወገን መጣና የሱቁን ቆርቆሮ ይደበድበው ጀመር። ማታሌና ስልኩን አንድ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ሌላውን በጣቷ ደፈነች። የምትደውልላት ማዶ ካለው ደሴት፣ ከዋናው ከተማ፣ ዶክተር ታሊያ ነበረች።

«አይሰማኝም! ዝናብ ነው!»

«ሁሉም አስር ነው እያልኩሽ ነው!»

«ምኑ ነው አስር?»

በሳሞአዋ ሳቫይ ደሴት ዝናብ ሲመጣም ሲሄድም አያስፈቅድም። ልክ በዚያች ቅጽበት ቀጥ አለና የዶክተሯ ጩኸት ከስልኩ ወጥቶ ሱቁን ሞላው። «ደስታቸው! የሁሉም ልጆች ደስታ ከአስር አስር ነው!»

የቆርቆሮ ዓሣ ሊገዙ የቆሙ ሁለት ሴቶች ተያዩ። «ተመስገን ነው» አለች አንደኛዋ፤ «ሳሙናም ጨምሪልኝ።»

ማታሌና ግን ተመስገን አላለችም። ሳሙናውን አቀበለችና በርጩማዋን ስባ ቁጭ አለች።

ማታሌና ትምህርቷን ያቋረጠችው ገና ስምንተኛ ክፍል ሳትደርስ ነው። እናቷ ታመመች፣ አንድ ሰው ቤት መቅረት ነበረበት፣ እሷ ቀረች። ማንም ክፉ ሆኖባት አይደለም፤ እንዲያው የሆነው እንዲያ ነው። ከዚያ በአጎቷ ልጅ ሱቅ ዕቃ ትሸጥ ጀመር። እጇ ለቀለም የተባረከ ስለነበር የአውቶቡሶችን ጎን ታስጌጥ ነበር፤ የሳሞአ አውቶቡስ መቼም ባዶ ጎኑን አይሄድም። ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑን የበዓል ጨርቆች ሠራች። በመጨረሻም ኦክላንድ ያለው ወንድሟ አሮጌ ኮምፒውተር ሲልክላት ድረ ገጽ ወደ መሥራቱ ገባች። «ማን አስተማረሽ?» ሲሏት «ከሰዓት በኋላ ደንበኛ የለም» ትላለች። የባሕር ዳር ጎጆ ለሚያከራዩ ዘመዶቿ ሠራችላቸው። ሁለቱን ደሴቶች የምታገናኘው መርከብ በስንት ሰዓት እንደምትነሳ የሚያሳየውም ገጽ የእሷ ሥራ ነው። ሲደላትም ሲከፋትም የምትለው ቃል አንድ ነው፤ «ይሁና።»

ዶክተር ታሊያ ሥራውን ስትሰጣትም «ይሁና» ነበር ያለችው። ነገሩ ስለ ወጣቶች ነው፤ ደስታቸው ከአስር ስንት እንደሆነ፣ እንቅልፍ ይወስዳቸው እንደሆነ፣ ሆድ ሲብሳቸው ለማን እንደሚናገሩ፣ አንዳንዴ ጠዋት መነሳት ያቅታቸው እንደሆነ የሚጠይቅ የአእምሮ ጤና መጠይቅ። ልጆቹ በስልካቸው ይሞሉታል። መልሱ ችግር መኖሩን ካሳየ አንድ የሥነ ልቦና አማካሪ እዚሁ ሳቫይ ላይ ትመደባለች። ካላሳየ አማካሪዋ ሌላ ቦታ ትሄዳለች።

ማታሌና ያቺን አማካሪ ትፈልጋታለች። ለማንም አልተናገረችም እንጂ በጣም ትፈልጋታለች። የእህቷ ልጅ ቲሬሳ እሷ ዘንድ ነው የምትኖረው። እናቷ ፍራፍሬ ለመልቀም አውስትራሊያ ሄዳ «አንድ ወቅት ብቻ» ያለችው እየተራዘመ ነው። ቲሬሳ ድሮ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ከመዘምራን ልምምድ የምትባረር ልጅ ነበረች። አሁን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፊቷን ወደ ምሰሶው አዙራ ትተኛለች። ወደ ግድግዳ እንዳትዞር የሳሞአ ቤት ግድግዳ የለውም። «ምን ሆንሽ?» ሲሏት «ምንም።» «አመመሽ?» «አላመመኝም።» ማታሌና ከዚያ በላይ ምን እንደሚጠየቅ አታውቅም።

«ድረ ገጹ መታመን አለበት» ብላት ነበር ዶክተር ታሊያ። «ልጆቹ ካላመኑት ቢያምርም ዋጋ የለውም።» ማታሌናም ቁጭ ብላ አሰበች። የሳለቱአ መንደር ሰው ማንን ያምናል? ሸንጎው ሳይመክርበትና ፓስተሩ ሳይባርከው ወደዚህ መንደር የሚገባ ነገር የለም፤ የመብራቱ ምሰሶ እንኳ ተጸልዮበት ነው የቆመው። ስለዚህ ፓስተር ሲዮኤሊን በነጭ ሙሉ ልብሳቸው ፎቶ አነሳቻቸውና ከገጹ አናት ላይ፣ የስክሪኑን ግማሽ አስይዛ አስቀመጠቻቸው። ከፎቶው ሥር የእናቶች ማኅበሩን ማኅተም ለጠፈች። ሲከፈት ፓስተሩ ፈገግ ብለው ሰውን ዓይን ዓይኑን ያያሉ። ከዚህ በላይ እምነት ከየት ይመጣል?

«ስሚ» አለች ዶክተር ታሊያ አሁን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «ስም ሳይጠየቁ ስም የጻፉ አሉ። አንዱ የቤተሰቡን ሰው ሁሉ ከነአያቱ ዘርዝሯል። ሌላው ምን አለ መሰለሽ? ‹ጎረቤቶቻችን አስር ካሉ እኛ አስራ አንድ ነን።›»

«አስራ አንድ?»

«አስራ አንድ! ማታሌና፣ ወይ የእናንተ ልጆች መላእክት ናቸው፣ ወይ የሆነ ነገር ተበላሽቷል። እንዲህ ብዬ ካቀረብኩት አማካሪዋን እርሺያት። እንዲህ ለጠገበ ሰው ማን አማካሪ ይልካል?»

ማታሌና ስልኩን ዘግታ ከሱቁ ጀርባ ወጣች። መሬቱ ከዝናቡ በኋላ ይጨሳል። ቲሬሳ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ኮኮናት ትፍቅ ነበር።

«ቲሬሳ፣ ያንን መጠይቅ ሞልተሽዋል?»

«ሞልቻለሁ።»

«ልጆቹ ለምንድን ነው ሁሉም አስር ያሉት?»

ቲሬሳ ቀና ብላ ዐየቻት። «አክስቴ፣ አንቺ ደግሞ! እሑድ ሊነበብ አይደል?»

«ምኑ ነው የሚነበበው?»

«የሞላነው ነዋ! የፓስተሩ ፎቶ አለበት አይደል? እንደ መባው ይነበባል።»

በሳለቱአ ቤተ ክርስቲያን የእሑድ አምልኮ ሲያበቃ ዲያቆኑ ይቆምና የእያንዳንዱን ቤተሰብ መባ በስም እየጠራ ጮክ ብሎ ያነባል። እገሌ ቤተሰብ፣ ይህን ያህል። እገሌ ቤተሰብ፣ ይህን ያህል። ከፍ ያለው ቀና ብሎ ይወጣል። ዝቅ ያለው የእሑድ ምሳውን ጎደሬ ዐቀርቅሮ ይበላል። ማታሌና ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትሰማው የኖረችው ነገር ስለሆነ እንደ ባሕሩ ድምፅ ሆኖባት ረስታዋለች።

«ታዲያ» አለች ቲሬሳ ፍቃቷን ቀጥላ፤ «‹የሴፎ ቤተሰብ፣ ደስታ ሦስት› ተብሎ እንዲነበብለት የሚፈልግ ማን አለ? እትዬ ሳፔታማ ልጆቻቸውን ደርድረው ቁጥሩን ራሳቸው ናቸው የነገሯቸው።»

«አንቺስ ስንት አልሽ?»

መፋቂያው ትንሽ ቆም አለ። «አስር። ቤታችንን ላዋርድ እንዴ?»

ማታሌና ይሁና አላለችም። ያን ጊዜ ብቻ ቃሉ አልወጣላትም።

ፎቶው መነሳት ነበረበት። ግን እንዴት? ፓስተር ሲዮኤሊ ፎቶውን ወደውታል። ሚስታቸው አሳጥበው በፍሬም ሰቅለውታል። የፓስተርን ፊት ሰው ሁሉ ካየው ቦታ ማውረድ ደግሞ በሳለቱአ ቀላል ነገር አይደለም። ቅር ቢላቸው ሸንጎው ነገሩን ይዘጋዋል፣ እናቶቹ ስልኮቹን ይሰበስባሉ፣ አማካሪዋም ሳትመጣ ትቀራለች። ማታሌና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዱቄት አቡክታ ክብ ክብ ፓኒኬኬ በዘይት ጠበሰችና በቅጠል ጠቅልላ መንገድ ገባች። የእናቶች ማኅበሩ ሊቀ መንበር እትዬ ሳፔታ ደጃቸው ላይ ሰሌን ሲሠሩ አዩዋት።

«ወዴት ነው?»

«ፓስተሩ ዘንድ፣ እትዬ።»

«በትኩስ ፓኒኬኬ? ምን አጥፍተሽ ነው?»

«ምንም።»

«ምንም ላላጠፋ ሰው ብዙ ነው። አንዷን አምጪ።» አንዷን ተቀብለው እየነከሱ ጠጋ አሉ። «ለመሆኑ የእኔ ልጆች ስንት አገኙ?»

«ፈተና አይደለም እኮ፣ እትዬ ሳፔታ!»

«አይደለም፣ አይደለም፣ ዐውቃለሁ። ግን ከሴፎ ቤት ይበልጣሉ?»

ፓስተሩ ሽርጣቸውን አገልድመው ሰሌን ላይ በማራገቢያ ንፋስ እየፈጠሩ ነበር። ማታሌና እግሯን አጥፋ ተቀመጠች። የሁለቱን ቤት ደኅንነት ተጠያየቁ፣ ስለ ዝናቡ ተነጋገሩ፣ የካካዎ ትኩስ መጠጥ ቀረበ። ፓኒኬኬው ወደ ማለቁ ሲቃረብ ፓስተሩ ራሳቸው አነሱት።

«ፎቶዬን ሳየው ነበር። ጥሩ ነው። ሆዴ ትንሽ ጎላ አለ እንጂ።»

«የመጣሁት በእሱ ጉዳይ ነው፣ ፓስተር።»

«በሆዴ?»

«በፎቶው።»

ማራገቢያው ቆመ። ማታሌና ዓይኗን ከሰሌኑ ሳታነሳ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ መባውን፣ አስሩን፣ የሴፎን ቤት። ፊታቸው ላይ የነበረው ሙቀት እየቀነሰ ሲሄድ በጎን ታየዋለች።

«እና ልጆቹ ይፈሩኛል ማለት ነው» አሉ በመጨረሻ።

«አይፈሩዎትም። ማፈር ነው። እርስዎ ፊት ‹ከፍቶኛል› ማለት ያሳፍራቸዋል። እኔንም ያሳፍረኛል።»

«አንቺም ይከፋሻል?»

«አንዳንዴ» አለች ማታሌና። «ይሁና።»

ፓስተሩ ባሕሩን አዩ። ግድግዳ በሌለው ቤት ዝም ሲባል የሚታየው ባሕሩ ነው። ማታሌና በልቧ የአማካሪዋን ወንበር ባዶ አድርጋ፣ ቲሬሳን ወደ ምሰሶው መልሳ አስተኝታ ነበር።

«አስራ አንድ ነው ያልሽኝ?» አሉ ድንገት።

«አስራ አንድ።»

ሆዳቸው መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ትከሻቸው፣ ከዚያ ሳቁ ወጣ። ሚስታቸው ከማድ ቤት «ምንድን ነው?» ብለው ጮኹ። «ምንም! ደስታ ሞልቶ ፈስሶ ነው!» አሏቸው። ዓይናቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉ። «የትኛው ቤት ነው አስራ አንድ ያለው?»

«አላውቅም።»

«አንቺው ሠርተሽው?»

«እንዳላውቅ አድርጌ ነው የሠራሁት። መልሱ በቀጥታ ዶክተሯ ዘንድ ይሄዳል። ስም የለውም፣ መንደርም የለውም። እኔም ብፈልግ አላየውም።»

«እኔም ብፈልግ?»

«እርስዎም።»

ፓስተሩ የመጨረሻዋን ፓኒኬኬ ለሁለት ቆርሰው ግማሿን ሰጧት። «እንግዲያው ፎቶውን አንሺው። ግን ለእናቶቹ ለብቻቸው ሌላ ገጽ ክፈቺላቸውና እዚያ አስቀምጪኝ። ሳፔታ የእኔን ፊት ካላየች ልጆቿን ስልክ አታስነካም።» ከዚያ ጎንበስ አሉ። «ሆዴን ቁረጪልኝ ታዲያ።»

በማግስቱ እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ በነጭ ልብስና በነጭ ባርኔጣ ሞልቷል። ዲያቆኑ የየቤተሰቡን መባ አንብቦ ጨረሰ። ሰው ሊነሳ ሲል ፓስተር ሲዮኤሊ እጃቸውን አነሱ።

«ዛሬ ሌላም የሚነበብ አለን። ስለ ወጣቶቻችን ደስታ የተሞላው መጠይቅ።»

ማራገቢያ ሁሉ ባለበት ቀረ። እትዬ ሳፔታ ባርኔጣቸውን አቃኑ። አባወራው ሴፎ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። ልጆቹ መሬት መሬቱን ማየት ጀመሩ። ፓስተሩ ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ፣ መነጽራቸውን አጠለቁ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ መባ በሚነበብበት በዚያው ዜማ ጀመሩ።

«የመጀመሪያው ቤተሰብ፤ ምንም። ሁለተኛው ቤተሰብ፤ ምንም። ሦስተኛው ቤተሰብ…» ወረቀቱን ገልብጠው አዩት። «ምንም።»

ወረቀቱን ወደ ሕዝቡ አዞሩት። ነጭ ነው፤ በፊትም በጀርባም ነጭ።

ከዚያ ከመዘምራኑ መሃል አንድ ሳቅ አመለጠ። ሊያፍኑት ሲሞክሩ በአፍንጫ በኩል የሚወጣ፣ ከወጣ በኋላ የማይመለስ ዓይነት ሳቅ ነው። ማታሌና ዞር ሳትል ዐወቀችው። ብዙ ወራት ሳትሰማው የቆየችው የቲሬሳ ሳቅ ነበር። የመዘምራኑ መሪ ዞር ብላ ገላመጠቻት። ዛሬ ግን አላባረረቻትም፤ እሷም ስትስቅ ነበርና።

«አላየሁም፣ አላይም» አሉ ፓስተሩ ሁካታው ሲረግብ። «በፊት የተሞላውም ተጥሏል፤ እንደገና ይሞላል። የልጆቹን መልስ በየስማቸው የሚያውቅ አንድ እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። እናቶች! ልጁ ስልክ ሲይዝ ከትከሻው ላይ አትንጠልጠሉ። ሳፔታ፣ ሰማሽኝ?»

«ምነው እኔን ብቻ?» አሉ እትዬ ሳፔታ፤ ቤተ ክርስቲያኑ እንደገና ሳቀ።

ዶክተር ታሊያ እንደገና መጀመሩን ስትሰማ ጊዜ የለም ብላ ተነጫነጨች፤ በኋላ ግን «ይሁና» አለች። ቃሉ ተጋብቶባት ነው መሰለኝ ብላ ማታሌና ፈገግ አለች። ያን ሳምንት ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ሁሉ ኮምፒውተሯ ላይ ተደፋች። ፎቶው በነበረበት ቦታ የሚያብለጨልጭ ነገር አላስቀመጠችም። ሰው በሚናገርበት ቋንቋ ጻፈች፤ «ይህን ማን ያየዋል? ስማችሁን አንጠይቅም። መንደራችሁን አንጠይቅም። ፓስተሩ አያየውም፣ መምህሩ አያየውም፣ እናታችሁ አታየውም። ይህን ገጽ የሠራችው ሴትም አታየውም። መመለስ ያልፈለጋችሁትን ጥያቄ እለፉት። መሃል ላይ ከደከማችሁ ተዉት።» ከሥሩ የዶክተሯን ሙሉ ስምና ስልክ አስቀመጠች፤ እውነት መሆኗን ማረጋገጥ የፈለገ ይደውልላት።

ሌላም ነገር ነበረ። ግድግዳ በሌለው ቤት ሰው ከየትም አቅጣጫ ይመጣል። ስለዚህ ማዕዘኑ ላይ አንድ ቀይ ቁልፍ ሠራች። ልጁ ሲነካው መጠይቁ ድራሹ ይጠፋና የመርከቧ መነሻ ሰዓት ይመጣል። መንደርተኛው ዘወትር የሚከፍተው ሌላ ገጽ ስላልነበራት ነው። የራሷ ሥራ ነው፣ ቶሎ ይከፈታል፣ ማንንም አያስጠረጥርም። እንዲህ ነበር ያሰበችው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እትዬ ሳፔታ እያለከለኩ ሱቁ ገቡ።

«አለቅን! ልጆቹ ሊጠፉብን ነው!»

«ምን ሆኑ?»

«የመርከብ ሰዓት ነው የሚያዩት! በጎናቸው ባለፍኩ ቁጥር፣ መርከብ! የእኔዎቹ ሁሉ! የሴፎም ልጆች እንደዚሁ ናቸው አሉኝ። ተማክረው ወደ ከተማ ሊሻገሩ ነው!»

ማታሌና ብትናገር የቀዩ ቁልፍ ነገር አለቀለት። የዓሣ ቆርቆሮዎቹን እያነሳች ባሉበት መለሰቻቸው። «መርከብ ይወዱ ይሆናል፣ እትዬ።»

«በዚህ ሁሉ ማዕበል?»

«ሰዓቱ ተቀይሮ ይሆናል።»

«በቀን ሦስቴ?»

«እትዬ ሳፔታ» አለች ማታሌና፤ «ፓስተሩ ከትከሻቸው ላይ አትንጠልጠሉ አላሉም?»

እትዬ ሳፔታ አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ስኳር ገዝተው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ በልጆቻቸው አጠገብ ሲያልፉ ጮክ ብለው ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ነው አሉ።

ዶክተር ታሊያ ቆይታ ስትደውል ዝናብ አልነበረም። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነበር። «አሁን አስር አይደለም» አለች።

«ስንት ነው?»

«ሁሉም ዓይነት ነው። አስርም አለ፣ የእውነት አስር። ሁለትም አለ። እናቱ ሩቅ እንደሄደችበት የጻፈ… ይቅርታ፣ ልነግርሽ አይገባም።»

«አትንገሪኝ» አለች ማታሌና ፈጠን ብላ። እናታቸው ባሕር ማዶ የሆነች ልጆች በመንደሩ ሞልተዋል። ቲሬሳ ልትሆን ትችላለች፣ ላትሆንም ትችላለች። ማወቅ ፈለገች፤ ግን በሩን የዘጋችው ራሷ ናት፣ በሚገባም ነው የዘጋችው።

አማካሪዋ በአዲሱ ዓመት መጣች። ቬሮኒካ ትባላለች፤ ጎደሬዋን በቲማቲም ሶስ የምትበላ ሳቂታ ልጅ ናት፤ በዚህም መንደሩ ሁሉ ያማታል። ከጤና ጣቢያው ጀርባ አራት ግድግዳና በር ያለው ክፍል ተሰጣት። ከበሩ ውጭ ሁልጊዜ የላስቲክ ነጠላ ጫማ ይታያል። ሱቁ የሚሸጠው አንድ ዓይነት ሰማያዊ ብቻ ስለሆነ ግን የማን እንደሆነ አይለይም። ማታሌና ሌላ ቀለም እንዲመጣ አዝዛ አታውቅም።

አንድ ቀን ቲሬሳ አመሻሽታ መጣች። ማታሌና ካካዎ እያፈላች ነበር።

«የት ቆየሽ?»

ቲሬሳ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ከደጃፍ አስቀመጠች። «የመርከብ ሰዓት ሳይ» አለች፤ አፏ ጫፍ ላይም ያቺ የማትታፈነው ሳቅ ነበረች።

«ይሁና» አለች ማታሌና፤ አንድ ኩባያም ጨመረች።

ማታሌና ዛሬም ሳለቱአ ናት። ቀን በአጎቷ ልጅ ሱቅ ትሸጣለች፣ ደንበኛ ሲጠፋ ከጀርባ ባለው ክፍል ድረ ገጽ ትሠራለች፤ ቲሬሳም እሷ ዘንድ ትኖራለች።